በፍልሰታ ቤት አይጠየቅም

ስንዱ የምትባል ሴት ቪያ ቮልቱርኖ ላይ ላገኘችው ሰው ሁሉ «አየነው የሚሉት ሰውዬ ቤት ሊያሳጣኝ ነበር» እያለች ስሜን ታጠፋለች። ለአንድ ሁለት ሰው ብትናገረው ንቄ በተውኩት። እሷ ግን ለሐዋላ ቤቱ ልጅ ነገረች፤ ለስልክ ሠሪው ነገረች፤ ለፀጉር ሠሪዋ ነገረች፤ ተርሚኒ ጣቢያ ባቡር ለሚጠብቅ መንገደኛ ሳይቀር ነገረች። አሁን ሮም ውስጥ ካለው ሐበሻ ግማሹ፣ ሚላኖ ካለው ደግሞ ሩቡ፣ እኔን ሲያይ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እጽፈዋለሁ። አንብቦ ከእሷ ጋር የሚቆም ካለ ከዛሬ ጀምሮ ሰላምታዬን አይጠብቅ።

መጀመሪያ እኔ ማን እንደሆንኩ። ፕራቲ በሚባለው የሀብታም ሰፈር የአንድ ትልቅ ሕንፃ ፖርቲኤሬ ነኝ። ፖርቲኤሬን «በረኛ» ብሎ የሚተረጉም ሰው አማርኛም ጣሊያንኛም አያውቅም። በእኔ ሕንፃ ሁለት ዳኞች፣ አንድ ጡረተኛ አምባሳደርና ስሟን ብጠራ የምትደነግጡላት ተዋናይ ይኖራሉ፤ አንዳቸውም እኔን ሳያማክሩ አምፖል አይቀይሩም። ከሃያ ዓመት በላይ እዚያ በር ላይ ተቀምጬ ማን በየትኛው ወር እንደሚገባ፣ ማን በየትኛው ወር ዕቃውን ጭኖ እንደሚወጣ አይቻለሁ። ሮም ውስጥ ቤት የሚያዝበትንና የሚለቀቅበትን ጊዜ ከእኔ አብልጣ የምታውቅ ራሷ ሮም ብቻ ናት፤ እሷም አንዳንዴ ትሳሳታለች።

ደግሞም ሽማግሌ ነኝ። በዕድሜ አይደለም፤ ሃምሳ አራት ዓመት ለወንድ ጉርምስና ነው። ሽማግሌ ስል ሴት ልጅ ለመጠየቅ፣ የተጣላ ለማስታረቅ የሚላክ ሰው ማለቴ ነው። በዚህ ከተማ እኔ ሄጄ ጠይቄ ያልተሰጠች ልጅ የለችም። ያጋባኋቸው ሁለት መቶ ይደርሳሉ። ቪያ ቮልቱርኖ ላይ ምግብ ቤት ያላት ሰመረት «ዘጠኝ ናቸው፤ አራቱ ተፋተዋል» ትላለች። ሰመረት አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረች ናት። አማርኛዋ ምላጭ ነው፤ የምታወጣውም እኔን ለመቁረጥ ብቻ ነው።

ስንዱ ከቤርጋሞ ወደ ሮም የመጣችው ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። እዚያ አንዲት አሮጊት ቤት እያደረች ስትጦር ቆይታ፣ አሮጊቷ ሲሞቱ እዚህ አንድ በሽተኛ አዛውንት ቀን ቀን የመንከባከብ ሥራ አገኘች። የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ፔርሜሶዋ፣ የተስተካከለ ነው፤ ሥራዋም ሕጋዊ ነው። የጎደላት ቤት ብቻ ነበር። አዲስ አበባ እህቷ ጋ የተወቻት ማክዳ የምትባል ልጅ አለቻት። ልጅቷ ጥቅምት መጨረሻ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ልትሞላ ነው። እናት ልጇን በሕግ ማምጣት የምትችለው ማመልከቻው ልጅቷ አሥራ ስምንት ሳትሞላ ከገባ ነው። ማመልከቻው የሚገባው ደግሞ በእናትየው ስም የተከራየ ቤት ካለና ቤቱ ለሁለት ሰው ይበቃል የሚል ማረጋገጫ ከተያያዘ ነው። ማረጋገጫው ራሱ ተጠይቆ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል። ቀኑ ካለፈ ልጅቷ እዚያው ትቀራለች። ስንዱ ግን የምታድረው ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ መነኮሳት በሚያከራዩት አልጋ ላይ ነበር። እዚያ አልጋ እንጂ ኮንትራቶ፣ የኪራይ ውል፣ አይሰጥም።

ስንዱ ወደ ሰመረት ምግብ ቤት አስጠርታኝ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። እንደ እርዳታ ጠያቂ አይደለም፤ እንደ ከሳሽ።

«ዛሬውኑ መፈለግ ልጀምር ነው» አለች። «የትኛው ሰፈር እንደሚሻል ብቻ ይንገሩኝ።»

«ሰፈሩ ይቆይ። የተሳሳትሽው ጊዜውን ነው። ሰኔ ላይ ሮም ውስጥ ቤት አይፈለግም።»

«ለምን?»

«ሰኔ ላይ የባለቤቶቹ ልብ ቱሪስት ላይ ነው። ለአንቺ ለዓመት ከሚያከራዩ ለአሜሪካዊ ለሳምንት ማከራየት ይመርጣሉ።»

«መስከረም ላይስ?»

«መስከረም ተማሪው እንደ አንበጣ ይወርዳል። አንዲት ክፍል ለማየት ደረጃው ላይ ሰልፍ ይያዛል። ሰልፉ ከአራተኛ ፎቅ ተነስቶ ተርሚኒ ሲደርስ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚፈለገው?»

«ነሐሴ» አልኩ ወንበሬ ላይ ዘና ብዬ። «ነሐሴ ከተማው ባዶ ነው። ተወዳዳሪ የለሽም። ባለቤቱ ባዶ ቤቱን እያየ ሲተክዝ ይውላል፤ አንቺ ስትመጪ እጅሽን ይስማል።»

«ከተማው ባዶ ከሆነ ባለቤቱስ የት ሆኖ ነው የሚተክዘው?»

ሰመረት ከባንኮኒው ሆና «ነሐሴ ላይ ሮም ውስጥ የሚቀሩት እርግቦችና አየነው ናቸው» አለች። «ምናልባት ከእርግቦቹ ትከራይ ይሆናል።»

ስንዱ አልሳቀችም። ዓይኗን ከፊቴ ሳትነቅል «ጋሽ አየነው፣ እኔ ሮምን አላውቅም። ሰዎች እሳቸው ያውቃሉ ብለው ነው ወደ እርስዎ የላኩኝ። በዚህ ነገር ውስጥ ያለችው ልጄ ናት። የሚነግሩኝ የሚያውቁትን ነው ወይስ የሚያስቡትን?» አለች።

ሰው ሃያ ዓመት ለፍቶ ያገኘውን ዕውቀት እንዲህ ሲመረምሩት ደሙ ይፈላል። «እኔ አላስብም፤ አውቃለሁ» አልኳት።

ሰመረት ሳህን እያጠበች ለብቻዋ ሳቀች። ምን እንዳሳቃት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ቢሆንም አልሰማችኝም። ሰኔንና ሐምሌን ስልክ ስትደውል ከረመች። አነጋገሯን ሲሰሙ ቤቱ ወዲያው የተከራየ ይሆናል። በአካል ስትሄድ ደግሞ ቀጠሮ የሰጣት ሰው አይመጣም። እኔ ይህን ስሰማ አላዘንኩም፤ ምክር አልሰማ ያለ ሰው የሚደርስበት ነው።

ነሐሴ ሲገባ የአከራይ ድርጅቶቹ በር ሁሉ ተከረቸመ። በየመዝጊያው ላይ «ለዕረፍት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሰመረት ራሷ ምግብ ቤቷን ዘግታ ወደ ባሪ፣ እህቷ ጋ ሄደች። አንድ ቀን በቀትር ፀሐይ ስንዱ እኔ ሕንፃ ድረስ መጣች። መግቢያውን እየጠረግኩ ነበር።

«እጄን የሚስመው ባለቤት የታለ?» አለችኝ።

«ታገሺ። ወሩ ገና መግባቱ ነው።»

«ዛሬ ከሳን ጆቫኒ እስከ ቸንቶቸሌ በእግሬ ሄጃለሁ። አንድ ክፍት በር አላገኘሁም። በዚህ ከተማ ክፍት ሆኖ ያየሁት የእርስዎን አፍ ብቻ ነው።»

በሃምሳ አራት ዓመቴ እንዲህ ብሎ የተናገረኝ ሰው የለም፤ ሚስቴ እንኳ ጥላኝ ስትሄድ ቃሉን አለዝባው ነበር። መጥረጊያዬን ገፋ አደረግኩትና የሕንፃው አቧራ በሙሉ ጫማዋ ላይ አረፈ። ሳላያት ነው። እሷ ግን ከቆመችበት ሳትነቃነቅ «በልጄ ቀን ላይ ነው የሚቀልዱት» ብላኝ ሄደች። ጫማዋን እንኳ አላራገፈችም፤ እንዳየው ፈልጋ ነው።

ቤቱን ያገኘችው ራሷ ናት። ይህን አልክድም፤ ማግኘት ማንም ያገኛል። የምትንከባከባቸው አዛውንት ሲኞራ ኦታቪያ የምትባል እህት አለቻቸው። ቶር ፒኛታራ ሰፈር ያለች ሦስት ፎቅ ሕንፃ የዚህች ሴት ናት፤ ራሷ ታች ትኖራለች። ባሕርንም ልጆቿንም ስለምትጠላ ነሐሴን ከሮም አትወጣም። ላይኛው ፎቅ ላይ የነበረው ተከራይ ድንገት ለቆ ሁለት ክፍሉ ባዶ ሆነ። ስንዱን ወንድሟ ቤት ስትሠራ አይታታለች፤ «ላንቺ እሰጣለሁ» አለቻት። «ግን የውጭ አገር ሰው ነሽ። ሮም ውስጥ ሥራ ያለው፣ የሚያውቅሽ አንድ ሰው ይምጣና ልየው።»

አንድ ሰው ነው ያለችው። ስንዱ ይህን አንድ ሰው ፍለጋ ወደ እኔ የመጣችው ወድዳ አይደለም። ሥራ ያለው የምታውቀው ሰው በሙሉ ከከተማ ወጥቶ ነው። ጥርሷን ነክሳ መጣች።

«ሁለት ቃል ነው የምፈልገው» አለችኝ። «አውቃታለሁ፣ ሠራተኛ ናት። ይህን ብለው ይመለሱ። ሌላ እንዳይጨምሩ።»

«ለብቻዬ?»

«ለብቻዎ።»

«በትልቅ ጉዳይ ብቻዬን ሄጄ አላውቅም። ይንቁናል። ሦስት ሆነን እንሄዳለን፤ ቄስም ይኖራል።»

«ሰርግ አይደለም፣ ጋሽ አየነው። ቤት ነው።»

«ልጅም ትጠየቃለች፣ ቤትም ይጠየቃል። ደንቡ አንድ ነው። ደንቡን ካልፈለግሽ ሌላ ሰው ፈልጊ።»

ሌላ ሰው እንደሌላት አውቃለሁ። እሷም እንደማውቅ ታውቃለች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ዓይን ቢላዋ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር። «ሐሙስ፣ በአራት ሰዓት» ብላ አድራሻውን ሰጠችኝ።

አባ ወልደ ተንሣኤን ይዤ ሄድኩ። አባ ከኢትዮጵያ ለትምህርት የመጡ የካቶሊክ ቄስ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ባሕር ዳርቻ ሲሆን እሳቸው ጽሑፋቸውን ይጽፋሉ። ሁለተኛው አቦይ ተኽላይ ናቸው፤ ሰባ ያለፋቸው ኤርትራዊ፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የተማሩ፣ እዚህ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ። ሦስታችንም ጥቁር ሱፍ ለበስን። የዚያን ቀን ሙቀት የነሐስ ሐውልት ያቀልጥ ነበር።

ሲኞራ ኦታቪያ በሯን ከፍታ ሦስታችንን ስታይ «ማን ሞተ?» አለች። ከኋላችን ስንዱ ዓይኗን ጨፈነች።

«ማንም አልሞተም፣ ሲኞራ» አልኩ። የእኔ ጣሊያንኛ ከዳኞች ጋር የኖረ ጣሊያንኛ ነው። «ለትልቅ ጉዳይ መጥተናል።»

«እሺ፣ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«እንደ ፈለጋችሁ» ብላ ራሷ ተቀመጠች። አቦይ ተኽላይ ወንበሩን በዓይናቸው ሲለምኑት አየሁና በክርኔ ነካ አደረግኳቸው። ቆሙ።

ንግግሬን ጀመርኩ። ስለ ስንዱ አያት፣ ስለ አያቷ አባት፣ ፈረስ ቀኑን ሙሉ ጋልቦ ስለማይጨርሰው መሬታቸው ተናገርኩ።

«አያቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ» አለች ስንዱ በአማርኛ፣ በጥርሷ መሐል።

«ዝም በይ» አልኳት በጥርሴ መሐል፤ ፈረሱንም ሁለት አደረግኩት።

ሴትዮዋ በጋዜጣ ፊቷን እያራገበች ትንሽ ሰማችኝ። ከዚያ ንግግሬን መሐሉ ላይ ቆርጣ ወደ አባ ዞረች።

«አንተ ቄስ ነህ? የእውነት?»

«አዎን፣ ሲኞራ።»

«ይቺን ሴት ታውቃታለህ?»

«አውቃታለሁ። ሠራተኛ ናት። ሰው አታስቸግርም።»

«አሎራ፣ እንግዲህ ይበቃኛል» አለች። ከመሳቢያዋ ኮንትራቶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና እስክሪብቶ አኖረችበት። «ፈርሚና ቁልፉን ውሰጂ።»

እስቲ አስተዋይ ሰው ይፍረድ። ሽማግሌ በሄደበት በመጀመሪያው ቀን፣ ያውም ንግግሩ ሳያልቅ፣ «እንኩ፣ ውሰዷት» የሚል ቤተሰብ ቢገጥማችሁ ምን ትላላችሁ? ልጅቷ አንድ ነገር አለባት ትላላችሁ። የተከበረ ቤተሰብ «እናስብበት፣ ዘመድ እናማክር፣ በዚህ ቀን ተመለሱ» ነው የሚለው። ይህች ሴት ወይ ደንብ አታውቅም፣ ወይ የቤቱ ግድግዳ እርጥበት አለው። በዚያ ላይ ጊዜው ፍልሰታ ነው። በፍልሰታ ቃል አይታሰርም፤ ከሁለት መቶው ጋብቻ አንዱንም በጾም አላሰርኩም።

የስንዱ እጅ እስክሪብቶው ላይ ሊያርፍ ሲል መዳፌን ኮንትራቶው ላይ ዘረጋሁ።

«ሲኞራ፣ አይቸኩሉ» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ዛሬ ጉዳዩን ነግረንዎታል። ያስቡበት። ልጆችዎን ያማክሩ።»

«ልጆቼን? ቤቱ የእኔ ነው።»

«ወግ ነው። የማርያም ጾም ሲፈታ እንመለስና ቃልዎን እንሰማለን።»

«የማርያም በዓል ከነገ ወዲያ ነው። ሰው ሁሉ ባሕር ዳርቻ ሆኖ ይበላላታል። የምን ጾም?»

«የእኛ በዓል ከእናንተ ሳምንት ይዘገያል።»

አባ በአማርኛ ቀስ ብለው «አየነው፣ በጾም ኮንትራት አይፈረምም የሚል ቀኖና የለም» አሉኝ።

«እርስዎ መጽሐፉን ያውቃሉ፣ እኔ ሽምግልናውን» አልኳቸው።

ሲኞራ ኦታቪያ ጋዜጣዋን አስቀመጠች። «ቤቱን አትፈልጉትም ማለት ነው?»

«እፈልገዋለሁ» አለች ስንዱ በጣሊያንኛ።

«ሽማግሌ ባለበት ልጅቷ አትናገርም» አልኩ እኔ።

«የትኛዋ ልጅ?» አለች ሴትዮዋ። ስንዱ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው።

«እጅዎን ያንሱ» አለችኝ ስንዱ። አላነሳሁም። ያነሳችው ሲኞራ ኦታቪያ ናት፤ የሞተ አይጥ እንደሚነሳ፣ በሁለት ጣት። ኮንትራቶውን አጥፋ መሳቢያው ውስጥ መለሰችና ቆለፈችበት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሳከራይ የሚለምነኝ እንጂ አስቢበት የሚለኝ አልመጣም» አለች። «ውጡ። እሷም ትውጣ።»

በወግ ረገድ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። የመጀመሪያ ቀን እምቢታ ግማሽ እሺታ ነው። ይህንኑ ለስንዱ እያስረዳኋት ወደ መውጫው አመራን። ደጁ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ማክዳ ማታ ትደውላለች» አለች። «ምን ልበላት?»

«ሳምንት ታገሺ በያት።»

«በሳምንት ውስጥ ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች።»

«በነሐሴ ማን አለና?»

ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ አየሁ። ልትመታኝ መስሎኝ ቦታዬን አስተካከልኩ። «ጋሽ አየነው፣ እርስዎን ሰድቤ ለመጥገብ ዓመት ይፈጅብኛል። አሁን ጊዜ የለኝም» አለች። ቀጥላም «ስልኬን ረስቻለሁ» ብላ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

እኛ ማዶ ካለችው፣ በሰፈሩ ያልተዘጋች ብቸኛ ቡና ቤት ተቀምጠን ጠበቅናት። የሎሚ ግራኒታ አዘዝን፤ ሎሚና በረዶ ጾም አያስገድፍም። ጨርሰን ደገምን። አባ ከደጁ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«ስልክ ለመፈለግ ብዙ ቆየች» አልኩ።

አቦይ ተኽላይ ማንኪያቸውን እየላሱ «ብዙ የሚፈለግ ስልክ ይሆናል» አሉ።

ስትመጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ የቀሚሷ ጉልበት አቧራ ነክቶታል። «አገኘሁት» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለአባ። አባም «እግዚአብሔር ይመስገን» አሏት። ለአንድ ስልክ ብዙ ምስጋና መስሎ ታየኝ፤ ቄስ ናቸው ብዬ አለፍኩት።

ፍልሰታ በተፈታ ዕለት ሽማግሌዎቼን ሰበሰብኩ። ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ሐብሐብ ገዛሁ። ሐብሐብ ስላችሁ እናንተ የምታውቁትን እንዳታስቡ፤ ሻጩ ከረዳቱ ጋር ለሁለት ሆኖ ነው አንስቶ ትከሻዬ ላይ ያስቀመጠልኝ። በባዶ እጁ ለሁለተኛ ጥየቃ የሚሄድ ሽማግሌ የለም።

«አየነው፣ ከመሄዳችን በፊት ለስንዱ ብትደውልላት» አሉ አባ።

«በሽምግልና ስልክ አይደወልም።»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«አባ፣ ይተዉኝ።»

አቦይ ተኽላይ ሱፋቸውን አልለበሱም ነበር። እጀ ጉርድ ሸሚዝ ለብሰው፣ በወረቀት የተጠቀለለ አዲስ የአልጋ ልብስ ታቅፈው መጡ። «ይህ ለማን ነው?» ስላቸው «ለሚተኛበት» አሉኝ። ሽምግልናን ሲንቁ አየሁና አዘንኩባቸው።

ቶር ፒኛታራ ደረስን። ደጁ ላይ ያለው የበር መነጋገሪያ፣ ቺቶፎኖው፣ ሦስት መደወያ አለው። የላይኛው አጠገብ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፤ የስንዱ ስም ከነአባቷ ተጽፎበታል። ሙቀቱ ዓይኔን ያታለለው መስሎኝ እንደገና አነበብኩት። ሐብሐቡን በአንድ ክንድ ይዤ ተጫንኩት።

«ማን ነው?» አለ የስንዱ ድምፅ በአማርኛ።

«እኛ ነን።»

«እናንተ እነማን?»

«ሽማግሌዎቹ።»

«አባ አሉ?» አለች።

«አሉ።»

«አቦይ ተኽላይስ?»

«አሉ። እኔም አለሁ።»

«እሳቸውና አባ ይግቡ። እርስዎ አይገቡም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሲኞራ ቤቱን የሰጠችኝ ያ ባለ ጢሙ ሰውዬ ደረጃዬን እንዳይረግጥ ብላ ነው። እሺ ብዬ ፈርሜያለሁ።»

«መቼ ነው የፈረምሽው?»

«ስልኬን ረስቼ የተመለስኩ ዕለት።»

«ስልክሽን አልረሳሽም ነበራ።»

«እጄ ላይ ነበር። እናንተ ማዶ ግራኒታ ስትጠጡ ሴትዮዋ እግር ላይ ወድቄ ነው መሳቢያውን ያስከፈትኳት። የቤቱን ማረጋገጫ በማግስቱ ጠይቄያለሁ። እርስዎን ጠብቄ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ በር ላይ አብረን ቆመን ነበር።»

«ስንዱ፣ ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ ቃል ማሰር ወግ አይደለም። አዋርደሽናል። እኔ በፍልሰታ የታሰረ ቃል እንዲህ ሆነ ብዬ ለሰው ምን እላለሁ?»

«የፈለጉትን ይበሉ። ልማድዎ ነው።»

በሩ ተንጣጥቶ ተከፈተ። አባ አንገታቸውን ደፍተው አለፉኝ። አቦይ ተኽላይ የአልጋ ልብሳቸውን ታቅፈው ተከተሉ፤ ዘወር ብለው «ሐብሐቡን ልቀበልህ?» አሉኝ።

«አልሰጥም» አልኳቸው።

አልሰጠሁምም። ያንን ሐብሐብ በአውቶቡስና በሜትሮ ጭኜ ፕራቲ መለስኩት። ቤቴ ገብቼ ለብቻዬ በላሁት፤ ሦስት ቀን ፈጀ። በጣም ጣፋጭ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር እዚያ ቤት ስላልገባ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ስንዱ እገዳው በቃል ብቻ የተባለ ነው ትላለች። እኔ ግን አላምናትም። እንዲህ ያለ ነገር በቃል አይቀርም፤ ኮንትራቶው ላይ ስሜ በትልቁ ተጽፏል ባይ ነኝ። ሮም ከተቆረቆረች ጀምሮ አንዲት ባለቤት በኮንትራቶ ያገደችው ሐበሻ ማን ነው? እንዲህ የምትታገደው ቁም ነገረኛ ስትሆን ነው፤ ለተራ ሰው ማንም ቀለም አያባክንም።

ማመልከቻው ገባ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ የልጅቷ ልደት ሳይደርስ፣ ገባ። ይህን የነገሩኝ አቦይ ተኽላይ ናቸው፤ ስንዱ ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን ስታይ መንገድ ትሻገራለች። ወሬ ለማቀበል ግን ጊዜ አላት። የፈረንጁን ክረምት ሙሉ ስታወራ ከረመች። እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም፤ ቤቱ እርጥበት እንዳለው ላገኘሁት ሁሉ ነግሬያለሁ።

ማክዳ የደረሰችው በሚያዝያ ነው። በሳምንቱ እናትና ልጅ ሰመረት ቤት ምሳ ሊበሉ ገቡ። እኔ ከእነሱ ቀድሜ የዘወትር ቦታዬ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ይህ ይታወቅልኝ። ልጅቷ ረዥም ናት። በዕድሜ የገፋ ሰው አየሁ ብላ ከወንበሯ ተነሳችና አንገቷን ሰበር አድርጋ «ጤና ይስጥልኝ» አለችኝ።

«ተቀመጪ» አለቻት እናቷ።

«ማናቸው?»

«ሮምን የሚያውቁ ሰው ናቸው።»

«ሮም ግን አታውቃቸውም» አለች ሰመረት ከባንኮኒው።

ልጅቷ የእናቷን ጥላቻ ሳታጣራ እንድትወርስ አልፈለግኩም። ወደ ጠረጴዛቸው ሄድኩ። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ የእኔ ልጅ» አልኳት። «የምታድሪበት ቤት በማን ሽምግልና እንደተገኘ እናትሽ ነግራሻለች?»

ስንዱ የውኃ ብርጭቆዋን አነሳች። ግን አልጠጣችም። «ጋሽ አየነው፣ አንዲት ቃል ቢጨምሩ ይህን አናትዎ ላይ አፈሰዋለሁ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

እኔ ዛቻ ፈርቼ አፌን የዘጋሁበት ቀን የለም።

«ሴትዮዋ ያመነችው ቄሱን ነው። ቄሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

አፈሰሰችው። ሰመረት አንድ ብርጭቆ ነው ትላለች። እኔ ላይ የወረደው የቴቬሬ ወንዝ ነው፣ ከነድልድዮቹ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ መንጋጋው ቆመ። ማክዳ ደንግጣ ከጠረጴዛው ናፕኪን አነሳችና በሁለት እጇ አቀበለችኝ። ፊቴን ሳልጠርግ ስንዱ ከእጄ መልሳ ወሰደችው።